ቀና ብለው ላላዩት ዳኛ

ለተከበሩ አቶ ድዋይት ፔልዘር
የወረዳችን የቤዝቦል ሊግ ዋና ዳኛ እና የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በወረዳችን ጋዜጣ በኩል ሲደርስዎ ከነመላው ቤተሰብዎ በፍጹም ጤና እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። ስለ አንገትዎ ደግሞ ለብቻው እጸልያለሁ፤ ባለፈው እሑድ በሆልተን ሜዳ ወደ ላይ አልታጠፍ ብሎ ሲያስቸግርዎ ያየን ሁሉ ከልብ አዝነናል።

እኔ የክላራ ቤንድ ቡድን ኳስ ያዢ ሜርል ሃግበርግ ነኝ። እርስዎ ከኋላዬ ቆመው ሲዳኙ፣ እኔ ከፊትዎ ቁጢጥ ብዬ ስይዝ ጉልበቴ አልቋልና፣ ይህን ያህል ለመድፈር የሚያበቃ ቅርበት ያለን ይመስለኛል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ሯጭ ቤዝ ከምንላቸው ማረፊያዎች በአንዱ ላይ ሳለ ወርዋሪያችን እግሩን ከመወርወሪያው ነጭ የጎማ ሰሌዳ ላይ አኑሮ፣ ሁለት እጁን ኳሱ ላይ ገጥሞ ቀጥ ካለ በኋላ፣ ሳይወረውር እጁን ቢለያይ ባልክ ይባላል፤ ሯጩም ያለ ላብ ወደሚቀጥለው ቤዝ ይሻገራል። ደንቡ የወጣው ወርዋሪ ሯጭን እንዳያታልል ነው። ይህን የምጽፈው ለእርስዎ አይደለም፤ እርስዎ ደንቡን ከነነጠላ ሰረዙ በቃልዎ ያውቁታል። የምጽፈው ደንቡ ለምን እንደወጣ ማስታወስ ለሚወድ ሌላ ሰው ካለ ብዬ ነው።

ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ጨዋታው እኩል ነበር፤ የመጨረሻው ዙር ነበር፤ የተጋጣሚያችን የሆልተን ሯጭ ኮዲ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከዚያ አንድ ቤዝ ቢሻገር የማሸነፊያዋ ነጥብ ናት። ወርዋሪያችን አርለን ስኮግስታድ እጁን ገጥሞ ቀጥ እንዳለ የመጀመሪያዋ የዝናብ ጠብታ አፍንጫው ላይ አረፈች። አርለን ከወርዋሪነቱ በፊት ገበሬ ነው፤ ድርቆሽ አጭዶ ማሳ ላይ የተወ ገበሬ ደግሞ ጠብታ ሲነካው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። ቀና አለና መዳፉን ዘረጋ። እርስዎም “ባልክ” አሉ። ለዚህ ፈጣን ዓይንዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ አርለንን ለማየት ሲሉ ሰማዩን፣ ደመናውንና መላውን ምዕራብ አልፈው ማየት ነበረብዎ።

ሁለተኛ፦ ተታለለ የተባለው ሯጭ ጉዳይ ነው። ኮዲም የገበሬ ልጅ በመሆኑ በዚያች ሰዓት ሁለት መዳፉን ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር። አሠልጣኙ “ኮዲ፣ ምን አፍህን ትከፍታለህ፣ ግባ ተብለሃል እኮ!” ብሎ ባይገፋው ኖሮ ነጥቧ እስከ ዛሬ አትቆጠርም ነበር። ተመልካቹም ቋሊማውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እጁን ዘርግቷል። እንደ ደንቡ ከሆነ እዚያ ሜዳ ላይ ባልክ ያልሠራ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ለዚህም ዋንጫ ይገባዎታል።

ሦስተኛው የሚከነክነኝ ነው፤ ስለዚህ በቀልድ አልጀምረውም። ሽንፈቱን ውጠናል። ተከታታይ ግጥሚያችን አንድ ለአንድ ነው፤ ወሳኙ ጨዋታ የፊታችን እሑድ ነው። አርለን ግን ወደ መኪናው ሲሄድ እርስዎ ዘንድ ቆም ብሎ “ድዋይት፣ ያንተም ድርቆሽ ማሳ ላይ ነው አይደል?” ብሎ ጠየቀዎ። እርስዎም በሪፖርትዎ “ዳኛን በንብረቱ አስፈራርቷል” ብለው ጽፈው ከእሑዱ ጨዋታ አገዱት። ክቡር ሆይ፣ ደመና ሲጠቁር በእኛ አገር ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ አባትዎ ሲጠይቁ እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ሰምቻለሁ። አርለን ክንዱ ደክሟል፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደማይወረውር ለሚስቱ ነግሯታል። ይህን የምለው ለእሑድ ወርዋሪ ቀረብን ብዬ አይደለም፤ የዕድሜ ልክ ጨዋታው “አስፈራሪ” በሚል ቃል እንዲዘጋ አልፈልግም፤ ይህ ያመኛል።

አራተኛ፦ ከሳሹ እርስዎ፣ ምስክሩ እርስዎ፣ ይግባኙን የሚሰማው ኮሚቴ ሰብሳቢም እርስዎ መሆንዎ ሥራችንን እጅግ አቅልሎልናል። ሦስት ደጅ መጥናት ቀርቶልን በአንድ ደጅ እንለምናለን።

ስለዚህ እገዳው ከእሑድ በፊት እንዲነሳ በትሕትና እየጠየቅሁ፣ ላደረጉልን፣ ላላደረጉልን፣ በተለይም ላላዩልን ሁሉ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

እርስዎ ቆመው ሳሉ ለመቀመጥ የማይደፍር፣ ለመቆምም ደንቡ የማይፈቅድለት፣
ቁጢጥ ባይ አገልጋይዎ
ሜርል ሃግበርግ

ማስታወሻ፦ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እስካሁን አልሰሙ ይሆናል። በዚያ ምሽት እርስዎ ሆልተን ቁጭ ብለው ሪፖርቱን ሲጽፉ፣ ድርቆሽዎን ጭኖ ዶፉ ሳይወርድ መጋዘን ያስገባልዎ እርስዎ እንደሚያስቡት አማችዎ አይደለም፤ አማችዎ ከእኛ ጋር ቢራ እየጠጣ ነበር። ያስገባው አርለን ነው፣ የጨዋታ ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ፤ እኔም ቢራዬን ትቼ ደርሼበት አግዤዋለሁ። በርዎ ላይ ስንደርስ ያ ትልቁ ውሻዎ ሲያጉረመርም፣ አርለን ሁለት እጁን ደረቱ ላይ ገጥሞ ቀጥ ብሎ ቆመ። ውሻዎም ከእግሩ እስከ ራሱ መረመረው፤ ጥፋት ስላላገኘበትም መንገዱን ለቀቀለት።