ገለፈት ያልለበሰው ሌንስ

ይድረስ ለልጄ ልጅ ለሳቢሪን፤ ኢዝሚር።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። እንደምን ከርመሻል? ብርዱስ እንዴት ያደርግሻል? ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ? ባልሽ ፋሂምስ ዛሬም ሽንኩርት በከተፈ ቁጥር ያለቅሳል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከዓይኔ በስተቀር። ፊደሌ እንዲህ የገዘፈው ኩራት ይዞኝ ሳይሆን ትንሹን ስለማላየው ነው።

ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርሽ። የአያትሽ የመሪማ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ የስኳሯን ኢንሱሊን ጠዋት ጠዋት የምቀዳላት እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ባለፈው አርብ የስሪንጁ የልክ ጭረቶች ተደባለቁብኝና በግምት ቀዳሁ። ብዙ ሳይቆይ ስኳሯ ከልክ በላይ ወርዶ ላብ አጠመቃት፣ ምላሷ ተሳሰረ፣ እኔንም አላወቀችኝም። ጎረቤታችን አፊፋ ነርስ መሆኗ በጀን፤ ሮጣ ገብታ ድዷን ማር እየቀባች መለሰቻት። መሪማ ነፍስ ስትዘራ መጀመሪያ ያለችኝ፣ "ሌላ ልታገባ አስበህ ነው እንዴ?" የሚል ነበር። አፊፋ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ጓሮ ወጥቼ ከቡናው መሃል ቆምኩ።

ጥፋቱ የእልኬ ነው። የቀኝ ዓይኔ ሞራው ወጥቶ ሌንስ በገባለት በዓመቱ ከኋላው መልሶ ጭጋግ ሲያወጣ፣ "እንዲህ እንዳይሆን የሚከላከል ሽፋን ያለው ሌንስ እሠራለሁ፣ ለግራው ዓይንዎ የሚገባው የእኔ ነው፣ ይጠብቁኝ አካኮ አያቴ" ብለሽኝ ኢዝሚር ሄድሽ። እኔም ጠበቅኩ። ጀንፈል ቡና ገለፈቱን እንደለበሰ ሲቀመጥ እንደሚቆይ፣ የተፈለፈለው ግን ቶሎ እንደሚበላሽ እየጠቀስኩ መስጊድ ደጃፍ ላይ ስንት ጊዜ ጉራ ነዛሁብሽ! ወዳጄ ሙርሺድ ታዲያ፣ ሌንሱ እስኪደርስ ዓይኑ ይቆይልህ ይሆን ይለኛል። ሐኪሙ ወልደሰማያት ቀኙን በጨረር ላጥራልህ ሲለኝ እንኳ የልጄ ልጅ ትመጣለች ብዬ እምቢ አልኩ። አንቺ ደግሞ ሽፋኑ ገና በጥንቸል እየተሞከረ ነው ብለሽ ጻፍሽልኝ። ጥንቸሎቹ ቀደሙኝ።

ትናንት ጅማ ወርጄ እሺ አልኩ። የግራው ዓይኔ ሞራ ጠጥሯል፣ ከዚህ በላይ ከቆየ ለማውጣትም ያስቸግራል ተብያለሁ። ሐሙስ ይሠራልኛል፤ ቀኙም ከዚያ በኋላ በጨረር ይጠራል። የሚገባልኝ ተራው ሌንስ ነው፤ ያንቺን ገለፈት አልለበሰም። ነገ እሱም ይደበዝዝ እንደሆነ አላህ ያውቃል። ቃሌን አፍርሻለሁና ይቅር በይኝ። በእኔ የተነሳ ግን አትቻኮዪ፤ በደንብ ይፈተን። ከእኔ የባሰ እልኸኛ ሽማግሌ ገና ይመጣልሻል።

አሁን ኢንሱሊኑን አፊፋ ነች የምትቀዳው። እኔ የመሪማን እጅ እይዛለሁ፤ ከመርፌው ይልቅ የአንተ ጭመቃ ያማል ትለኛለች። ስህተቱ ከዓይኔ እንደመጣ ሳታውቅ አትቀርም፤ አልጠየቀችኝም። የሚከብደኝ ይኸው ነው።

ፋሂምን ሰላም በይልኝ። የትንሿን የነጅላን ግንባር ሳሚልኝ፤ አማትሽንም እንዴት ነዎት በይልኝ። መሪማ እጇን ዘርግታ ትመርቅሻለች፤ አፊፋም ሰላም ብላሻለች። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የማየው ያንቺን ፎቶ እንዳይመስልሽ፤ ስሪንጁን ነው። ጭረቶቹን አንድ በአንድ ከቆጠርኩ በኋላ ወደ ፎቶሽ እመጣለሁ፤ ቅናት አይያዝሽ።

አያትሽ ጀማለዲን
ደዶ፣ ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.