ከሐዲዱ ወዲህና ወዲያ፦ የወይዘሮ ኤርሲሊያ ቦርቶሊን የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ኤርሲሊያ ቦርቶሊን ከአባታቸው ከአቶ ሳንቴ ዛኒየርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦንዲና ኮሉሲ በሰሜን ጣሊያን፣ በፍሪዩሊ ተራሮች ግርጌ ባለች መንደር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጋቢት 11 ቀን 1938 ተወለዱ። አባታቸው ካናዳ ውስጥ ጡብ ፋብሪካ ተቀጥረው ስለነበር በ1952 ከእናታቸው ጋር በመርከብ ተሻግረው ከቶሮንቶ በስተምዕራብ በምትገኘው ዌልደን ኑሮ ጀመሩ። ያን ጊዜ ዌልደን የፖም እርሻ ነበረች፤ ለአገሪቱ ፓርላማ አንድ ተወካይ የሚመርጠው የምርጫ ክልሉም ከሰው ይልቅ ላም የሚበዛበት ሰፊ ገጠር ነበር።

እስከ ዘጠነኛ ክፍል ተምረው በፖም ማሸጊያ ቤት ሠሩ። በ1959 ግንበኛውን አቶ ዱይሊዮ ቦርቶሊንን አግብተው ሪታን፣ ሎሪስንና ዳንኤላን ወለዱ። እስከ መጨረሻው የኖሩበትንም ቤት አቶ ዱይሊዮ በገዛ እጃቸው ሠሩላቸው።

በ1974 የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ሆኑ። እርሻው ተሸንሽኖ ቤት ሲሠራበት፣ የምርጫ ክልሉም ከገጠሩ ተለይቶ ዌልደን ምሥራቅ ሲባል፣ አዲስ ገቢውን ሁሉ በአውቶቡሳቸው በር ተቀብለዋል፤ መጀመሪያ ጣሊያኑንና ፖርቱጋሉን፣ ቀጥሎ ፑንጃቢውን፣ ታሚሉንና ፊሊፒኑን። ከአዲስ ገቢዎቹ አንዱ አቶ ጉርዲያል ሳንዱ በ1981 በበረዶው ክረምት በስስ ሹራብ ሲሳፈሩ፣ “አንተ ሰውዬ፣ ልትሞት ነው እንዴ? ነገም እንዲህ ብትመጣ አላሳፍርህም!” ብለው ጮኹባቸው። በማግስቱ የባላቸውን ካፖርት ይዘውላቸው መጡ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ ሆኑ።

ጡረታ በወጡ በዐሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ በ2012፣ የምርጫ ክልል ወሰን የሚያጠናው ኮሚሽን ዌልደን ምሥራቅን መሐሉን አቋርጦ በሚያልፈው የባቡር ሐዲድ ለሁለት ሊከፍል አሰበ። ከሐዲዱ በስተደቡብ ባሉት ፎቆች የሚኖሩትን አዲስ ገቢዎች፣ ቤተሰብ ለማስመጣት ደጅ የሚጠኑበት የፓርላማ ተወካያቸው ቢሮ ሦስት አውቶቡስ የሚያስቀይር ያህል ሊርቃቸው ነበር። የሰባ አራት ዓመቷ ወይዘሮ ኤርሲሊያ ከአቶ ጉርዲያል ጋር በር እያንኳኩ ፊርማ አሰባሰቡ፤ ኮሚሽኑ የነዋሪውን አስተያየት በሰማበት ስብሰባም ቆመው ተናገሩ።

ሰብሳቢው፣ “ወይዘሮ፣ ሐዲዱ እኮ ግልጽ ወሰን ነው” አሏቸው።

“ለካርታው ግልጽ ነው ጌታዬ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በቀን ዐሥራ ስምንት ጊዜ ተሻግሬዋለሁ፤ አንድም ቀን ፓስፖርት አምጪ ያለኝ የለም። የወዲያዎቹ ልጆች ወዲህ ይማራሉ፤ የወዲህዎቹ አሮጊቶች ወዲያ ይጸልያሉ። ታዲያ ምኑን ነው የምትቆርጡት?”

አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ ሰብሳቢውም ሳቁ።

ከወራት በኋላ ወሰኑ ከሐዲዱ ተነሥቶ በሰፈሩ ጠርዝ ወዳለው ወንዝ ሄደ። ሰፈሩ ሳይከፈል ቀረ። ነገር ግን የሕዝቡን ቁጥር ለማመጣጠን ከወንዙ ማዶ ያሉ አራት መንገዶች ለጎረቤት የምርጫ ክልል ተሰጡ፤ አንደኛው የወይዘሮ ኤርሲሊያ ቤት ያለበት ነበር።

አቶ ጉርዲያል በንዴት መጡ። “እትዬ፣ ሰፈሩን ያዳኑት እርስዎ፣ ተጥለው የወጡትም እርስዎ! ዝም አንልም!”

“ተወው ጉርዲያል። ያ ሁሉ ሰው አብሮ ከቆየ እኔ ብወጣ ምን እሆናለሁ? ደግሞ ማዶ ያሉትም የሚጨቀጭቃቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።”

እንዲህ ይበሉ እንጂ፣ አቶ ጉርዲያል ከሄዱ በኋላ ካርታውን ዘርግተው ብዙ ቆዩ፤ ልጃቸው ሪታ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይታቸዋለች። በ2015 ምርጫ አቶ ጉርዲያልን ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር በመኪናቸው ወደ ቀድሞው ምርጫ ጣቢያ አደረሱና ብቻቸውን ወደ አዲሱ ሄዱ። ሰልፍ ላይ ከተዋወቋቸው ሦስት ሴቶች ጋር እየሳቁ ተመለሱ። በቀጣዩ ምርጫ የዚያው ጣቢያ አስመራጭ ነበሩ፤ አብዛኛውን ተሰላፊ በስሙ ይጠሩት ነበር።

ወይዘሮ ኤርሲሊያ ከ2021 ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2024 በተወለዱ በ85 ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት፣ በቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው በ2006 በሞት ቀድመዋቸዋል። ሦስት ልጆች፣ ሰባት የልጅ ልጆችና ሁለት የልጅ ልጅ ልጆች ትተዋል።

መሐሪው አምላክ ነፍሳቸውን በእቅፉ ይቀበልልን፤ ለልጆቻቸው፣ ለአቶ ጉርዲያልና ለወዳጆቻቸው ሁሉ ብርታቱን ይስጥልን።