እህትህ ፍሬን ያልረገጠችበት ቀን

ልጄ፣ እግዜር በምትሄድበት ሁሉ ይቅደምልህ። ጉልበቴ ተሽሎኛል፣ አታስብ።

እህትህ የመኪና መንዳት አስተማሪነት የተግባር ፈተናዋን ተፈተነች። ሁለቴ ወድቃ ስለነበር ይቺ የመጨረሻ ዕድሏ ነበረች። ይዛው የምትቀርበው ተማሪ ሳይመጣ ቢቀርባት፣ መንዳት ስታለማምደኝ የከረመችው እኔን ነውና መሪውን ጨበጥኩ። ፈታኙ ከኋላ ቁጭ ብሎ ትንፋሹ እንኳ አይሰማም።

መታጠፊያው ላይ ብስክሌት ድንገት ገባብኝ። በእሷም በኩል ፍሬን አለ፤ እግሯ ከፍ ሲል አየሁት፣ ግን አልረገጠችም። «አይተሽዋል እማዬ፤ ፍሬን ያዢ» አለችኝ፣ ሽንኩርት አቀብዪኝ የምትል ይመስል። ያዝኩ። መኪናው ቀጥ አለ።

ፈታኙ በኋላ «ለምን አልረገጥሽም?» ቢላት፣ «ዓይኗ ብስክሌቱ ላይ ነበር» አለችው። ፈተናውን አለፈች።

በጤና ያገናኘን። ስትመጣ በመኪና የምቀበልህ እኔ ነኝ፤ አደራ፣ ከኋላ ተቀመጥና ዝም በል።

እናትህ