ያልተገፋ ድንበር

ለወንድሜ ልጅ ለፅጌረዳ አስናቀ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ የደረት ጉንፋን ለቀቀሽ? ሐዋሳ ተስማምቷት ወፍራለች ብለው ነገሩኝ፤ ነፋስ ያንገዳግድሽ የነበርሽውን ልጅ እንዲህ ሆነሽ ባይሽ ደስ ባለኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አንድ ጥርሴ ወልቋል፤ ለእስረኞቹ ‘እሱ አመክሮ አግኝቶ ቀድሞኝ ወጣ’ ብያቸዋለሁ።

ከቄስ ትምህርት ቤት አጥር ውጭ ቆሜ የለቀምኳትን ፊደል አሁን እዚህ አስተምራለሁ። ካሳ የሚባል ስልሳ ዓመት ያለፈው ተማሪ አለኝ፤ ‘የኔታ ሀብቴ፣ ፊደሉ ሳያልቅ ፍርዴ ያልቃል’ እያለ ያስቀናኛል። ቀልድ ያበዛሁት ግን ወደ ነገሩ መግባት ፈርቼ ነው።

ባለፈው እሑድ የነፍስ አባታችን አባ ተክሌ ከአርብ ገበያ ድረስ ሊጠይቁኝ መጡ። ‘የወንድምህ ሚስት ሐረገ ወይን የባሏን ደም ስለ እግዚአብሔር ብላ ትታልሃለች፤ የቀረችው ፅጌረዳ ናት። እሷም የእርቁ ሰነድ ላይ ከፈረመች የይቅርታ ማመልከቻህ ይገባል’ አሉኝ። መስቀላቸውን ተሳልሜ ስለ ወንድምሽ ስለ ሙሉቀን ጠየቅኋቸው። ትምህርቱን መተዉን ነገሩኝ። ‘አባትህ የወንድሙን መሬት ሲቆርስ የሞተ፣ አንተ የድንበር ገፊ ልጅ’ እያሉ መቆሚያ አሳጥተውታል አሉ።

ፅጌረዳ፣ አባትሽ ድንበር አልገፋም። አንዲት ስንዝር አልገፋም።

በዚያ ሰኔ አረቄ ገዝቶኝ ነበር። ጠዋት ካልቀመስኩ እጄ እርፍ አይጨብጥም። በሬዬን ሸጬ ጠጣሁት። እሱ ሲያልቅ አባትሽ ለዘር ያስቀመጠውን ገብስ ከጎተራው ሰርቄ፣ በአህያ ጭኜ ወደ አረቄ ሻጯ ስነዳ በማሳችን በኩል ደረሰብኝ። አልሰደበኝም። ጭነቱን ያዝ አድርጎ ‘ሀብቴ፣ ይኸ እኮ የልጆቹ የከርሞ ጉሮሮ ነው። መልሰው፤ ማንም አይሰማም’ አለኝ። በያዝኩት ዱላ መታሁት። አንድ ጊዜ ነው የመታሁት። ድንበራችን ላይ ወደቀ።

ከዚህ የሚብሰውን ልንገርሽ። ሰው ከመጥራቴ በፊት ገብሱን ወደ ጎተራው መለስኩ። ያን ጊዜ ምናልባት ነፍሱ አልወጣችም ነበር።

ሲጠይቁኝ ‘ድንበር ገፋብኝ’ አልኩ። በእኛ አገር በመሬቱ የተጣላ ሰው ቢገድልም ወንድ ይባላል፤ የወንድሙን ዘር ለአረቄ የሰረቀ ግን ከሰው አይቆጠርም። ሽማግሌውም ዳኛውም አመኑኝ። መግደሌን አምኜ ሌብነቴን ደበቅሁ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የእኔን ነውር ሙት ተሸከመልኝ።

ባለፈው እሑድ ይህንኑ ለአባ ተክሌ ተናዘዝኩ፤ ካህን ግን የንስሐ ቃል አያወጣም። ስለዚህ እውነቱን የማወጣው ራሴ ነኝ፤ የእርቁን ሰነድ ሲልኩልሽ ወዲያው አትፈርሚ። የበኩር ልጁ ነሽና ከሰው ሁሉ ቀድመሽ ስሚ ብዬ ነው ላንቺ የጻፍኩት። ደብዳቤውን ለሽማግሌዎቹ ላኪላቸው፤ በሰንበት ቅዳሴ ሲወጣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ አገሩ ሁሉ ባለበት ይነበብ። ከዚያ በኋላ መፈረሙና መተዉ የአንቺና የእናትሽ ነው። ‘ባትፈርሚም አልቀየምሽም’ ልል ነበር፤ ድፍረቴን አየሽልኝ? እኔ ማን ነኝና እቀየማለሁ!

ለእናትሽ ለሐረገ ወይን ሰላምታ የምልክበት አፍ የለኝም፤ እንደጻፍኩ ብቻ ንገሪያት። ለአያትሽ፣ ለእናቴ፣ አገር ስትገቢ ራስሽ ቀስ ብለሽ አንብቢላት፤ ዓይኗ ቢደክምም ጆሮዋ ደህና ነው። ለሙሉቀን ግን ሰንበትን አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ደውይለት። ‘አባታችን የሞተው የእኛን እህል ሊያስመልስ ነው’ በይው። ቀና ብሎ ወደ ትምህርቱ ይመለስ።

አጎትሽ ሀብቴ
ደብረ ታቦር፣ ማረሚያ ቤት
የካቲት 11 ቀን 2014 ዓ.ም.