ቅጠል ለይተው ሰው ያተረፉት የወይዘሮ ኦም ቡንኔ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ኦም ቡንኔ ከአባታቸው ከአቶ ኦም ዶክሱ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጆን ኦክሲም በአገሩ አቆጣጠር የነብር በሚባለው ዓመት፣ በ1938 እ.ኤ.አ. በጆንግሰን ተራራ ሥር ተወለዱ። ወንድሞቻቸው ትምህርት ቤት ሲላኩ ለእሳቸው ቅርጫት ተሰጣቸው። ማንም ባይመርቃቸውም ተራራውን ከነቅጠሉ ተምረው ጨረሱ። "የገብስ ዳገት" በሚባለው፣ አሮጌው እህል አልቆ አዲሱ ገብስ ባልደረሰበት ወር፣ ከጥድ ልጥና ከዱር ጎመን ገንፎ እየሠሩ ታናናሾቻቸውን ከሞት አቆዩ። ጠግበው የሚያድሩት ግን "ሣር በሊታ" ይሏቸው ነበር።

በ1957 የከሰል ጉድጓድ ሠራተኛ የነበሩትን አቶ ሆ ጃንግሶን አግብተው ማንሆ የተባለ ወንድ ልጅና ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ።

በግንቦት 1972 የሰፈሩ ሹም ስልሳ ዓመት ሲሞላቸው ወይዘሮ ቡንኔ ለሰሃን አጠባ ተጠሩ፤ ለግብዣው አይደለም። የሹሙ ምራት ወይዘሮ ጊል ሱንዶክ ሩዝ የሚጠቀለልበትን የድብ ቅጠል አንድ ቅርጫት ሙሉ ለቅመው ነበር። ወይዘሮ ቡንኔ አንዱን አንስተው ዳበሱና፣ "ይሄ የእንስራ ቅጠል ነው፤ መርዝ ነው። የድብ ቅጠል ጠርዙ እንደ መጋዝ ይነክሳል፣ ሽታም አለው" አሉ።

"አንቺ የማንሆ እናት፣ ሰሃን እጠቢ ተባልሽ እንጂ ቅመሽ ተባልሽ?" ብለው ምራቲቱ ጮኹባቸው። ሴቶቹም ሳቁ።

ወይዘሮ ቡንኔ ሦስት ቅጠል በፊታቸው አኝከው ዋጡ። ሩዙ ሳይበስል እያስመለሳቸው ወደቁ። ቅርጫቱ ተደፋ፤ አርባ እንግዳ ጎመን በልቶ በጤና ገባ። ምስጋና አልመጣም። "ጠላ በዝቶባት ነው" ተባለ። ይህን ያሉት አንዳንዶቹ ዛሬ እዚህ ስለተቀመጡ ስማቸው አይጠራም።

ከ2021 ጀምሮ ዓይናቸው ፈዞ፣ ልባቸው ደክሞ አልጋ ያዙ። ባለፈው ግንቦት ወይዘሮ ሱንዶክ ቅርጫት ታቅፈው መጡና ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ አሏቸው፦ "እታለም፣ እስቲ ይዩልኝ። የልጅ ልጆቼ ሊበሉት ነው።" ወይዘሮ ቡንኔ የእያንዳንዱን ቅጠል ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ዳብሰው ሁለቱን ጣሉ። "የቀረውን ይብሉ" አሉ። ከሃምሳ አንድ ዓመት በኋላ የመጣ ምስጋና ይህ ከሆነ፣ እሳቸው ተቀብለውታል። እኛ ቤተሰቦቻቸው ገና እያሰብንበት ነው።

ሰኔ 9 ቀን 2023 በ85 ዓመታቸው አረፉ። የሦስት ልጆች እናት፣ የሰባት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ለሰው ብለው መራራውን ቀምሰዋልና፣ በሄዱበት ጣፋጩ ይቆያቸው። አፈሩም ይቅለላቸው።