ያላለቀው ሰማያዊ ቀሚስ

ለምወድሽ እትዬ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? እኛ ደህና ነን፤ የጎደልሽን አንቺ ብቻ ነሽ። እማዬ ጉልበቷን እያማረረች ከሁላችን ቀድማ ትነሳለች።

ጸጉር ቤቴ ሥራ ሞልቶታል። የሰሞኑ ወሬ ግን ያ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነው። አንዲት ሴት «ልጅ ሳለሁ ልኬን ሲወስድ ደፈረኝ» ብላ ከሳዋለች። ደንበኞቼ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምላሷን ምን ያዘው?» ይላሉ። ትናንት ማበጠሪያዬን አስቀምጬ «ለማን ትናገር ነበር? ለእናንተ?» አልኳቸው። አንዷ ጸጉሯ ሳይደርቅ ተነስታ ሄደች። ትሂድ!

ከልብስ ሰፊው ደጅ ቁራጭ ጨርቅ ለቅመን ለአሻንጉሊቶቻችን ስንሰፋ ትዝ ይልሻል? ስፌት ነፍስሽ ነበር። የእኔ አሻንጉሊት እንኳን በአንቺ እጅ ነበር የምታምረው። ያን ሰማያዊ ቀሚስ ልትለኪ እሱ ዘንድ ሄደሽ፣ አንድ እጅጌው ሳይገጠም ይዘሽው እየሮጥሽ ከመጣሽ ወዲህ ግን መርፌ ነክተሽ አታውቂም። ልብስም የተሰፋ ትገዣለሽ እንጂ ልክሽን ለማንም አልሰጠሽም።

እማዬ «ስትመጣ ታስጨርሰዋለች» እያለች ቀሚሱን እስካሁን ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። እትዬ፣ ምንም ንገሪኝ አልልሽም። «አቃጥዪው» ብቻ በዪኝ፤ በዚያው ቀን አቃጥለዋለሁ።

ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

ታናሽሽ