ለሁለት የሚበቃ የአልጋ ልብስ

ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 1970 ዓ.ም.

ለእህት ዓለሜ ለበለጠች፣ ጅቡቲ፦

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ሙቀቱ ቢያደክመንም ተመስገን፣ አለን።

የላክሽልኝን ባለ ጣዎስ ጨርቆች ምን ላድርጋቸው ስል ከረምኩ። ጎረቤቴ ሰምሰም ወለሉ ላይ ዘርግታ አየቻቸውና፣ "ጣዎሶቹን መሃል አድርጊ፤ ዙሪያውን በአሮጌ ሽርጥ ቀጥዪው፤ ጥሩ የአልጋ ልብስ ይወጣዋል" አለችኝ። ስፌቱ ግን አልገፋልኝም።

ባለቤቴ ወልደጻድቅ ለጥያቄ ተብሎ ከተወሰደ ሦስት ሳምንቱ ነው። በየቀኑ እስር ቤት ምሳ አደርስለት ነበር። ሐሙስ ዕለት ዘበኛው የምሳ ዕቃውን ሳይቀበለኝ፣ "ከእንግዲህ አታምጪ" አለኝ። እዚያው ምግብ ይሰጡት ይሆናል።

ትናንት ሰምሰም ጨርቁን ልትቆርጥ መቀስ ይዛ፣ "ለአንድ ሰው ነው ለሁለት?" አለችኝ።

"ለሁለት" አልኳት።

ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ደግ ደጉን ያሰማን።

እህትሽ ጥሩወርቅ